ባንኮኒው የት ገባ?

አሜሪካኖች ስለ ቤተሰብና ስለ ጠመንጃ ከሠሯቸው ፊልሞች መካከል በየዓመቱ ሳይሰለች የሚታየው የካውቦይም የጦርነትም ፊልም አይደለም፤ የገና ፊልም ነው። በቦብ ክላርክ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» የወጣው በ1983 ነው (ዓመቶቹን፣ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከ1997 ጀምሮ በየገናው ለ24 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተደጋገመ በኬብል ቴሌቪዥን ይታያል። በ2012 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው ፊልሞች አንዱ ሆኗል። እዚያ የሚኖር አበሻም ቢሆን፣ የራሱ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ቢቀረውም፣ በዚያ ቀን ቴሌቪዥን ከከፈተ ግማሹን ሳያየው አይቀርም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ራልፊ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በ1940 ገደማ፣ ኢንዲያና ውስጥ ባለች የፋብሪካ ከተማ ይኖራል። ለገና የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሬድ ራይደር» የተባለ የአየር ጠመንጃ። በትልቁ ሱቅ መስታወት ውስጥ አይቶት ልቡ እዚያው ቀርቷል። ማስታወቂያውን እናቱ በምታነበው መጽሔት ውስጥ ይሸጉጣል፣ የትምህርት ቤት ድርሰት ይጽፍበታል፣ ሳንታ ክላውስ ዘንድ ቀርቦ ይለምናል። እናት፣ አስተማሪ፣ ሳንታ፣ የሦስቱም መልስ አንድ ነው፤ ዓይንህን ታጠፋበታለህ። በገና ጠዋት ስጦታው ሁሉ ተከፍቶ ሲያልቅ ግን አባትየው ጥግ ላይ የተደበቀች አንዲት የመጨረሻ እሽግ ይጠቁመዋል። እናት ትደነግጣለች። አባት እኔም በስምንት ዓመቴ ነበረኝ ይላል፣ በቃ፣ ክርክሩ አለቀ። ልጁ ጓሮ ወጥቶ ሲተኩስ ጥይቷ ነጥራ ፊቱን ትመታዋለች፣ መነጽሩ ይሰበራል፣ ከጣሪያ የወደቀ በረዶ ነው የመታኝ ብሎ ይዋሻል። ማታ ጠመንጃውን አጠገቡ አስተኝቶ ይተኛል።

ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሚከነክነኝ አንድ የሌለ ትዕይንት ነው። አባትየው ጠመንጃውን ሲገዛ አናይም። ምኞቱን አየን፣ ክልከላውን አየን፣ ስጦታውን አየን። በመካከል የሆነ ቀን አንድ አዋቂ ሰው ሱቅ ገብቶ፣ ባንኮኒ ተደግፎ፣ «ይኼን ስጠኝ» ብሏል፤ ገንዘብ ቆጥሯል፤ እናት «አይሆንም» ያለችውን «ይሆናል» ብሏል። ያ ሁሉ ከፊልሙ ውጭ ቀረ። የፊልሙ ውበትም የቆመው በዚህ ጉድለት ላይ ይመስለኛል። ባንኮኒው ቢታይ ኖሮ ጠመንጃው ዕቃ ይሆን ነበር፤ ስላልታየ ፍቅር ሆነ።

የሚገርመው፣ ፊልሙ የተቀዳበት መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ የባንኮኒ ጽሑፍ ነው። ደራሲው ጂን ሸፐርድ በ1966 ያሳተመውን መጽሐፍ የሰየመው፣ በእግዚአብሔር እንታመናለን፣ ሌላው ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ይክፈል፣ እንደማለት ነው። የእኛ ባለሱቅ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይመለሱ» ብሎ ከመደርደሪያው በላይ እንደሚለጥፈው ያለ ነገር። ሸፐርድ የአሜሪካን የልጅነት ናፍቆት ሲጽፍ ከናፍቆቱ በስተጀርባ ሒሳብ የሚሠራ ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ፊልሙ ናፍቆቱን ወሰደ፣ ሒሳቡን ተወው።

እርግጥ ነው፣ የአየር ጠመንጃ በአገሩ ሕግ እንደ እውነተኛ መሣሪያ አይቆጠርም። ፊልሙም ቀልደኛ ነው፤ ልጁ ቤተሰቡን ከሌቦች ሲያድን በሕልሙ የምናያቸው ሟቾች እንኳ ዓይናቸው ላይ ኤክስ የተደረገባቸው የካርቱን ሬሳዎች ናቸው። ግን ያችን ኤክስ ልብ በሏት። መላው ከተማ ስለ ልጁ ዓይን ይጨነቃል፤ ሌላ ሰው ሊመታ ይችላል ብሎ አንድም ሰው አያስጠነቅቅም። ጠመንጃው ላይም ቢሆን ማስታዎስ የጨመረበት ነገር አለ። ኮምፓስና የፀሐይ ሰዓት የነበረው ሌላው፣ «በክ ጆንስ» የተባለው ሞዴል ነበር፤ ለፊልሙ ሁለቱ ተዳቅለው ልዩ ተደርጎ ተሠራ። ራልፊ የናፈቀውን ጠመንጃ በዚያ ዘመን የትኛውም ባንኮኒ ላይ ማግኘት አይቻልም ነበር።

የጠመንጃው አምራች ዴይዚም ወደ ጠመንጃ የገባው በስጦታ በር ነው። በሚሺጋን ግዛት ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ የነፋስ ወፍጮ የሚሠራ ድርጅት ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወፍጮ ለሚገዛ ገበሬ የአየር ጠመንጃ ምራቂ ይሰጥ ጀመር። ምራቂው ከዋናው ዕቃ በለጠ፤ በ1895 ድርጅቱ ስሙን በጠመንጃው ስም ለወጠ። ስጦታ የሚለው ቃል እንዲህ ከነጋዴው ወደ ገበሬው፣ ከገበሬው ወደ ልጁ ተላለፈ።

ሚሺጋንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፍሊንት ልጅ የሆነው ማይክል ሙር «ቦውሊንግ ፎር ኮለምባይን» የተባለውን ዘጋቢ ፊልሙን በ2002 ሲያወጣ መግቢያው ላይ ያሳየን የዚያኑ ግዛት ባንክ ነው፤ ሒሳብ ለሚከፍት ደንበኛ ጠመንጃ የሚሸልም ባንክ። ሙር በመጨረሻ ባንኮኒውን አገኘው፤ ቅጽ ሲሞላ፣ የቅጹን ጥያቄዎች ሲያንጓጥጥ እናያለን። ትዕይንቱ ያስቃል። ችግሩም እሱ ነው፤ ሙር ባንኮኒውን ያመጣው ልንስቅበት ነው። እዚያ ቆሞ የሚፈርመው አባት ምን ያስባል ብሎ ለመጠየቅ አልቆየም።

ቢቆይ ብዙ የሚያየው ነበር። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው የፌዴራል ቅጽ ይሞላል፤ ወንጀለኛ ነህ ወይ፣ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ይባላል። ለሌላ ሰው ተልኮ መግዛት ወንጀል ነው። ለስጦታ መግዛት ግን ይፈቀዳል፤ የቅጹ መመሪያ ይህንኑ ይናገራል። ነጋዴው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሽጉጥ አይሸጥም። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅም፣ ወላጅ በጽሑፍ ፈቅዶለት ኢላማ እንደሚለማመድበት ያሉ የተወሰኑ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ሽጉጥ መያዝ አይችልም። ስለዚህ በባንኮኒው ላይ የሚሆነው ነገር በሕግ ዓይን አንድ ጥያቄ ነው፤ ለዚህ መሣሪያ «እሺ» የሚለው አዋቂ ማን ነው?

በኅዳር 2021፣ በዚያው ሚሺጋን፣ ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ ይህ ጥያቄ በደም ተጻፈ። አንድ አባት ከ15 ዓመት ልጁ ጋር «ብላክ ፍራይዴይ» በሚሉት የቅናሽ ቀን፣ ኅዳር 26፣ ሱቅ ገብቶ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ገዛ። በማግሥቱ እናት ልጁን ይዛ ኢላማ መለማመጃ ሄደች፤ በማኅበራዊ ገጿም የእናትና የልጅ ቀን እንደነበርና የገና ስጦታውን እንደሞከሩ ጻፈች። ኅዳር 30 ጠዋት ልጁ የሒሳብ ወረቀቱ ላይ በሣላቸው ሥዕሎች ምክንያት ወላጆቹ ትምህርት ቤት ተጠርተው ነበር። ወደ ቤት አልወሰዱትም። ቦርሳውንም የፈተሸ የለም። በዚያው ቀን አራት ተማሪዎች ተገደሉ፣ ሰባት ሰዎች ቆሰሉ።

ከገና ፊልሙ ጎን ሳስቀምጠው የሚያስፈራኝ ልዩነቱ አይደለም። ስጦታው፣ ገናው፣ የአባት ዝምተኛ ፈቃድ፣ የልጁ ደስታ፣ ሁሉም ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል። ያ ቤተሰብ የሚያውቀውን ታሪክ ነበር የሚኖረው። ፊልም ሰው አይገድልም፤ እንዲህ ዓይነት ክስ የሰነፍ ሐያሲ ሥራ ነው። ግን ታሪክ ለሰው የሚሰጠው ነገር አለ። ጠመንጃ የፍቅር መግለጫ የሚሆንበትን ቃል ይሰጠዋል፤ ቃሉ ሲመጣ ጥያቄው ይቀራል።

ጥያቄውን ያነሳው ፍርድ ቤት ነው። በ2024 እናትና አባት በየተራ ቀርበው ሁለቱም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሚያዝያ 9 ቀን እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። ልጃቸው በትምህርት ቤት ለፈጸመው የጅምላ ግድያ በዚህ ወንጀል የተፈረደባቸው የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ወላጆች ናቸው። ለእኔ ችሎቱ የገና ፊልሙ የቆረጠው ትዕይንት ነው። የግዢው ቀን፣ የተኩስ መለማመጃው ካሜራ የቀዳው ምስል፣ ሽጉጡ ቤት ውስጥ የት ተቀመጠ፣ ማን ይቆልፈው ነበር፤ ሁሉም ተራ በተራ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እናትየው ሽጉጡን የማስቀመጡ ኃላፊነት የባሏ እንደነበር ተናገረች። ራልፊ እናት ላይ ያየነው ድንጋጤ እዚህ መከላከያ ሆኖ ቀረበ። አልተቀበሏትም።

እዚህ ላይ ለብዙ ቤተሰቦች ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ሚሺጋን ውስጥ በየዓመቱ ኅዳር 15 የአጋዘን አደን ሲከፈት አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። ልጁን ሱቅ ይዘው የሚሄዱ ወላጆች መካከል ባንኮኒውን ትምህርት ቤት የሚያደርጉት አሉ። መሣሪያ ሁሉ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው፣ ጣትህን ከቃታው አርቅ፣ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር፣ ይኼኛው ላንተ ገና ነው። ይህ የመጨረሻው ቃል ለታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ነው። አዋቂ በልጅ ፊት «ገና ነው» ሲል ድራማ አለ፤ ፍቅርም አለ። የገና ፊልሙ ባንኮኒውን ሲቆርጥ የቆረጠው ይህንንም ነው። ልጁን የሚከለክሉት ሁሉ አስቂኝ ሆኑ፤ የፈቀደለት ብቻ ወዳጅ ሆነ።

ጣሊያናዊው ፎቶ አንሺ ጋብሪዬሌ ጋሊምበርቲ «ዘ አሜሪገንስ» በሚለው ሥራው ከሙር የተሻለ ታግሷል። የመሣሪያ ባለቤቶችን በየቤታቸው፣ በየሳሎናቸው ሄዶ፣ ያላቸውን ሁሉ መሬት ላይ በሥርዓት ደርድረው በመካከሉ እንዲቆሙ አደረገ። በ2021 የወርልድ ፕረስ ፎቶ ሽልማት አግኝቶበታል። ፎቶዎቹ አይሳደቡም፣ አያሞግሱም። ዓይን መጀመሪያ ድርድሩን ያደንቃል፣ ቀጥሎ መቁጠር ይጀምራል። ከቆጠራው ጋር የሚሄድ አኃዝም አለ፤ «ስሞል አርምስ ሰርቬይ» የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ግምት በአሜሪካ ሲቪሎች እጅ 393 ሚሊዮን ያህል መሣሪያ አለ፣ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ጋሊምበርቲ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ባንኮኒውን መለሰልን፤ እያንዳንዱ የተደረደረ ዕቃ አንድ የግዢ ቀን ነው። የጎደለው ቆይታ ነው። ፎቶ «እሺ» የተባለበትን ደቂቃ ሊያሳይ አይችልም። ያንን ማድረግ የሚችለው ልብ ወለድ ነው።

አማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ የራሱን ቤት ማየቱ አይቀርም። የእኛ ቀረርቶና ሽለላ ባንኮኒውን አልደበቀም። ጠመንጃዎቹ የሱቅና የፋብሪካ ስማቸውን ይዘው ነው ቤተሰብ የሆኑት። ሰናድር ስናይደር ነው፤ ውጅግራ ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት፤ ምንሽር ማንሊኸር፤ አልቢን አልቢኒ። ገበሬው ስንት በሬ ሸጦ እንደገዛው መንደሩ ያውቃል። ስጦታም ብትሉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር፤ ማን እንደሰጠ ታሪኩ አልሸሸገም።

እኛ የቆረጥነው ሌላ ትዕይንት ነው። ሽለላ ገዳዩን ይዘምራል፣ ሙሾ ሟቹን ያለቅሳል፤ ሁለቱ በአንድ ድንኳን አይገናኙም። በሠርግ የሸለለውና በለቅሶ ያወረደችው የአንድ ቀበሌ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ግጥሞቻቸው አይተዋወቁም። አሁን በየገጠሩ መሣሪያ እንደ ልብስ በተለመደበት ጊዜ፣ ልጁ ትከሻ ላይ ያለው ክላሽ በማን «እሺ» እንደመጣ የሚጠይቅ አንድ ሁነኛ የአማርኛ ልብ ወለድ ወይም ፊልም ማየት እመኛለሁ።

ሚሺጋን ላይ ሁለቱ በአንድ አዳራሽ ተገናኝተዋል። በቅጣቱ ቀን የተገደሉት ልጆች ወላጆች ተነሥተው፣ ሽጉጡን የገዙትን ወላጆች ፊት ለፊት እያዩ ተናገሩ። የገዛና የቀበረ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ያየሁበት የአሜሪካ ጽሑፍ እሱ ነው፤ የተጻፈውም በችሎት ጸሐፊ ነው።