የእስር ቤቱ ባዮጋዝ፦ «ማገዶ በግማሽ ቀነሰ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው በቀን ሽንት ቤት የሚጥለው ነገር የራሱን ምሳ ሊያበስል ይችላል? ሳቁ፣ ችግር የለውም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። ሩዋንዳ ውስጥ በእውነተኛ እስር ቤቶች፣ በእውነተኛ ጎላ ድስቶች ተሞክሯል። ውጤቱም «ማገዶ በግማሽ ቀነሰ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ዓለምን ዞሯል።

ዛሬ ይህን ሥራ ልተቸው ነው። ልተቸው ስል ላጣጥለው አይደለም፤ እንዲያውም ከማውቃቸው የምሕንድስና ሥራዎች ከምወዳቸው አንዱ ነው። የምተቸው ይበልጥ የተተረከበትን መንገድ ነው። ምክንያቱም «አረንጓዴ እስር ቤት» የሚባለው ነገር ሲወራ አንድ ቁጥር ብቻ ይነሳና ከጀርባው ያሉት ሰዎች ይረሳሉ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ በኋላ በሩዋንዳ የታሰረው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። እስር ቤቶቹ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው አልተሠሩም። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ሲኖር ሁለት ነገር ወዲያው ይፈነዳል፤ ሽንት ቤቱና ወጥ ቤቱ። ፍሳሹ ወደ ሰፈሩና ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ለቦሎቄና ለበቆሎ ገንፎ የሚሆነው ማገዶ ደግሞ በመኪና እየተጫነ ከጫካ ይመጣል።

የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መሐንዲሶች ሁለቱን ችግሮች በአንድ ቧንቧ አገናኟቸው። የመጀመሪያው የእስር ቤት ባዮጋዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ኪቩ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው ቺያንጉጉ ሥራ ጀመረ። ከመሬት በታች ጉልላት ያላቸው ማብላያ ጉድጓዶች በጡብ ተሠርተው በተርታ ተያያዙ። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ይገባል፤ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከላይ ሚቴን የበዛበት ጋዝ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፤ ከታች የሚወጣው ዝቃጭ ለማዳበሪያ ይውላል። እስረኞቹም በግንባታው እየሠሩ ሙያውን ተማሩ። ሥራው ወደ ሌሎች እስር ቤቶች ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢንስቲትዩቱ በታዳሽ ኃይል ዘርፍ የሚሰጠውን የእንግሊዙን የአሽደን ሽልማት አገኘ። የማገዶ ፍጆታው በግማሽ ገደማ መቀነሱም ተነገረ።

ግማሽ ለምን? ለምን ሙሉ አልሆነም?

ይህን በደብተራችሁ ጠርዝ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከአንድ ሰው ዓይነ ምድር በቀን 30 ሊትር ገደማ ጋዝ ይገኛል እንበል። አንድ ሜትር ኪዩብ ባዮጋዝ 21 ሜጋጁል ያህል ኃይል አለው። ስለዚህ የአንድ ሰው የቀን ጋዝ 0.63 ሜጋጁል ነው።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ለአንድ ሰው በቀን የሚበስለው ምግብ ከነውኃው 2 ኪሎ ነው እንበል። ከ20 ዲግሪ ወደ 95 ዲግሪ ለማሞቅ 2 × 4.2 × 75 = 630 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ይህም 0.63 ሜጋጁል ነው።

ቁጥሮቹ ገጠሙ አይደል? አትቸኩሉ። ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ድስቱ ውስጥ አይገባም። ጥሩ የጋዝ ምድጃ እንኳ ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን፣ 55 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ 0.63 የነበረው ወደ 0.35 ይወርዳል። በቃ፣ ግማሹ እዚህ ጋ ነው! ቦሎቄ ደግሞ ከፈላ በኋላ ሰዓታት ስለሚንተከተክ ሌላም ኃይል ይበላል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የእስረኛው ብዛት የለበትም። ሰው በእጥፍ ቢጨምር ጋዙም በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚበስለው ምግብም እንዲሁ። «ብዙ ሰው ስላለ ብዙ ጋዝ አለ» የሚለው አባባል ትክክል ቢመስልም ምንም አይጠቅምም።

የመጀመሪያው ትችቴ፦ ይህ ምድጃ አይደለም፣ ሽንት ቤት ነው

በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ ማገዶ ውስጥ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ቀሪው ጭስ፣ ነፋስና የወጥ ቤት ሠራተኛ ዓይን ያቃጠለ ሙቀት ነው። ይህን ወደ 30 በመቶ የሚያሳድግ የተዘጋ ምድጃ ብትሠሩ፣ ድስቱን ብትከድኑ፣ ቦሎቄውን ሌሊቱን ብትዘፈዝፉ፣ ማገዶው በግማሽ ይቀንሳል። ጉድጓድ መቆፈር የለ፣ ጉልላት መሥራት የለ።

ታዲያ ባዮጋዙ ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ምድጃ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ፍሳሹን ይይዛል። ትልቁ ጥቅሙ የጤና ነው፤ ጋዙ ምርቃት ነው። ዝናው ግን በምርቃቱ ላይ ተገነባ። «ማገዶ በግማሽ» የሚለው ለሽልማትም ለጋዜጣም ይመቻል፤ «ተቅማጥ ይቀንሳል» የሚለው አያምርም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምለካው ከጉድጓዱ የሚወጣውን ውኃ ነበር፤ ጋዙን ቀጥዬ።

ሁለተኛው ትችቴ፦ መጨናነቅን ለማስታገስ መጣ፣ የሚያበላሸውም መጨናነቅ ነው

የማብላያ ጉድጓድ ንድፍ በአንዲት ቀላል ቀመር ላይ ይቆማል። የጉድጓዱን መጠን በቀን ለሚገባው ፍሳሽ አካፍሉት፤ ፍሳሹ ውስጥ የሚቆይበትን ቀን ታገኛላችሁ። 1,000 ሰው እያንዳንዱ 10 ሊትር ፍሳሽ ቢያወጣ በቀን 10 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ጉድጓዱ 300 ሜትር ኪዩብ ከሆነ ፍሳሹ 30 ቀን ይቆያል። ሰው ወደ 2,000 ቢያሻቅብ 15 ቀን ብቻ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ፍሳሹ ተገፍቶ ይወጣል። የጋዙ መጠን በሰው ልክ አያድግም፤ የሚወጣውም ዝቃጭ አልበሰለም። የወስፋት እንቁላልማ ግትር ነው፤ በረጅሙ ቆይታ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይሞትም። ያንን ዝቃጭ ሳታክሙ ጎመን ላይ ብታፈሱት በሽታው ዞሮ ወደ ሳህኑ ይመለሳል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስሠራ ለመመረቂያ ፕሮጀክት አንድ ብዙ ሰው የሚኖርበት ተቋም ሄድን። ማብላያው ቆንጆ ነበር፤ ጉልላቱ አልተሰነጠቀም፣ ቧንቧው አዲስ ነው። ወጥ ቤት ስንገባ ግን ሴቶቹ በእንጨት ጭስ ታፍነው ያበስላሉ። «ጋዙስ?» አልናቸው። አንዷ እናት የምድጃውን መክፈቻ አዙረው ክብሪት ጫሩ። ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል ብቅ አለና ሻይ እንኳ ሳያፈላ ጠፋ። «ለእንግዳ ማሳያ ናት፣ ልጄ» አሉን። ለካ የነዋሪው ቁጥር ከንድፉ በእጅጉ አልፏል፤ የመታጠቢያ ውኃም ከነሳሙናው ወደዚያው ተለቅቋል። ሰነዱ ላይ ግን ፕሮጀክቱ «ተጠናቋል» ይላል። እኛም ጭሱን ሳንለካ የጉድጓዱን ስፋት ለክተን ተመለስን። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ትችቴ፦ ያልተጠየቀው ቁጥር

ወደ ሩዋንዳ ልመልሳችሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞችን፣ በተለይ የታመሙትን፣ ያረጁትንና ጥፋታቸውን ያመኑትን፣ በጊዜያዊነት ለቀቀ። ጋቻቻ የተባሉት የማኅበረሰብ ችሎቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በመላ ሀገሪቱ ተስፋፍተው እስከ 2012 ድረስ ተከማችቶ የነበረውን መዝገብ ተመለከቱ። የእስረኛው ቁጥርም በዓመታት ውስጥ በጣም ቀነሰ።

አሁን በደረቅ የመሐንዲስ ዓይን እዩት። ከ100 እስረኛ 40ው ቢቀንስ፣ ማገዶውም ፍሳሹም 40 በመቶ ይቀንሳል። ያለ ቧንቧ፣ ያለ ጡብ። ይህን ግን በየትኛውም «አረንጓዴ» ሠንጠረዥ ውስጥ አታገኙትም።

እዚህ ላይ ግን ቀስ እንበል። ሰው የሚፈታው ማገዶ ለመቆጠብ አይደለም። ቤተሰቡ ያለቀበት ሰው ፍትሕ ሲጠብቅ ስለ ጫካ ልናወራው አንችልም፤ ጋቻቻም ራሱ ብዙ ክርክር ያስነሳ ሥርዓት ነው። የምለው ሌላ ነው። ፍርድ ሳያገኝ ለዓመታት የሚታሰር ሰው ካለ፣ የዚያ መዘግየት ዋጋ በእሱ ዕድሜ ብቻ አይከፈልም፤ በዛፍም፣ በወንዝም ይከፈላል። መሐንዲሱ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጀርባ ያለውን ቁጥር እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አድርጎ ከተቀበለው፣ ስሌቱን ከመሃል ጀመረ ማለት ነው።

ነገሩ የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሪታ የሚባል የካውንቲ እስር ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጣሪያው ላይ ከ1 ሜጋዋት በላይ የፀሐይ ፓነል ተተከለ፤ በ2006 የነዳጅ ሴል ተጨመረ፤ በ2012 ከዋናው መስመር ተለይቶ ራሱን ችሎ መሥራት የሚችል የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሆነ። እንደ ምሕንድስና አጨብጭቡለት። ግን እንዲህ ባሉ የካውንቲ እስር ቤቶች ከሚቆዩት ብዙዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። አምፖሉ በንጹሕ ኃይል ስለበራ «ይህ ሰው ለምን እዚህ አለ?» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ነገ አንዳችሁ ለትምህርት ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ ካፌ ወይም ለማረሚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ትነድፉ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ዜናውን ታነባላችሁ። «በግማሽ ቀነሰ» ሲሏችሁ ሦስት ቁጥሮችን ጠይቁ። ግቢው ለስንት ሰው ተሠራ፣ አሁን ስንት ሰው አለ? ፍሳሹ ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? ከሦስት ዓመት በኋላስ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው?

የቺያንጉጉ መሐንዲሶች ማንም ማየት የማይፈልገውን ቆሻሻ አይተው ነበልባል አወጡበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ከነሱ የምንማረው ግን ጉልላት መሥራትን ብቻ ከሆነ ትምህርቱን በግማሽ ተምረነዋል። ቀሪው ግማሽ ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ ክብሪቱን መጫርና ድስቱ እስኪፈላ አብሮ መቆም ነው።