ከሐውልቲ እስከ መካኒሳ፦ ጥንታዊ ድንጋይና የዛሬ ሴት ሠዓልያን

ጥንታዊ ቅርጻ ቅርጽን ከዛሬ ሴት ሠዓልያን ሥራ ጋር ጎን ለጎን ማሳየት በዓለም ሙዚየሞች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ብዙ ጊዜ ግን ድንጋዩ የሚመጣው ለአዲሱ ሥራ ዕድሜ እንዲያበድር ነው። «ሴትነት ያኔም ዛሬም ያው ነው» የሚል አሳብ በላዩ ይለጠፍና ተመልካቹ ሳይከራከር ያልፋል። ድንጋዩ ከእስያ የመጣ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ዕጣንና ምሥጢር ይጨመርበታል። ለእኛ ግን እስያ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ቀይ ባሕርን መሻገር ብቻ ነው፤ ተሻጋሪዎቹ ደግሞ በድንጋይ ላይ ጽፈው ሄደዋል።

በአክሱም አቅራቢያ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሄንሪ ደ ኮንታንሶን በ1951 ዓ.ም. ገደማ ካወጣቸው ቅርሶች አንዷ፣ ዛሬ በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም የምትታየው የተቀመጠች ሴት ናት። የተጠረበችው ከኖራ ድንጋይ ነው። ቀሚሷ እስከ እግሯ ወርዷል፣ ሸንተረሩ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ አንገቷ ላይ ከባድ ጌጥ አለ፣ ሁለቱ እጆቿ ጉልበቷ ላይ አርፈዋል። ጠራቢው አካሏን ከድንጋዩ ብዙም አላላቀቀውም፤ ከፊቷ ቆሞ ለሚያያት ከባድነቷ ከመልኳ ይቀድማል። በዚያው ስፍራ የተገኘው ዙፋን ቁመቱ 1.40 ሜትር ያህል ነው። ጎኑ ላይ ማራገቢያ የያዘ ጢማም ሰው፣ ከፊቱም ዱላ የያዘ አነስ ያለ ሰው ተቀርጾበታል። ሁለቱም ሥራዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የመጨረሻው ሺህ ዓመት ውጤቶች ናቸው።

የእነዚህ ሥራዎች ቋንቋ በአብዛኛው ደቡብ ዓረባዊ ነው። በዙፋኑ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው የዋልያ ረድፍ፣ የጽሑፉ ፊደል፣ አልመቃህ የተባለው አምላክ ሁሉም በሳባ ምድር ወንድም አላቸው። እንዲያውም ራሱን የሳባ መዲና የማሪብ ሰው አድርጎ ያስመዘገበ ድንጋይ ጠራቢ በሰሜን ኢትዮጵያ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። የቀደሙት አጥኚዎች ከዚህ ተነስተው የሳባ ሰፋሪዎች መጥተው ሥልጣኔ ተከሉ አሉ። ዛሬ ይህ አሳብ ጉልበቱ ደክሟል። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚከራከረው ከባሕር ማዶ የመጣው ቅርጽ ያረፈው የራሱ ሥርዓት ባለው ማኅበረሰብ ላይ ነው። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ደግሞ ስለ ሴቶች ነው። ከአክሱም በፊት በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው የዳዓማት መንግሥት ነገሥታት ባስጻፏቸው ጽሑፎች ውስጥ ከንጉሡ ጋር ንግሥቲቱም ትጠቀሳለች፤ ይህ በሳባ ነገሥታት ጽሑፎች ልማድ አይደለም። ፊደሉን ተበደሩ፣ አምላኩን ተበደሩ፣ ሴቲቱን ግን ራሳቸው ጨመሯት።

ጥንታዊውን ድንጋይ ከዛሬ ሴቶች ሥራ ጋር ለማገናኘት ምክንያት ካለን ምክንያቱ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ሴት ሠዓልያን «የፈረንጅ ቅርጽ ቀዳችሁ» ወይም «ኢትዮጵያዊነታችሁ የታለ» በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ሲንገላቱ ኖረዋል። ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ደስታ ሐጎስ ከዚያ ተነስታ አሜሪካ ተሻግራ ተምራለች፤ ስለ ሥራዋ ሲወራ የሚቀድመው ግን እስከ ዛሬ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ነው። የሐውልቲዋ ሴት ለእነዚህ ጥያቄዎች የቆየ መልስ ይዛለች። ከውጭ በመጣ ቅርጽ የአገርን ጉዳይ መናገር ከአክሱም ሐውልቶችም የሚቀድም ልማድ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ የጥንትና የዛሬ ጥምረት ቅርብ የሆነው ሙከራ የተደረገው ግን እዚህ አይደለም። ከኅዳር እስከ የካቲት 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የታየው፣ ኋላም ወደ ሴለምና ወደ ቶሊዶ የተጓዘው ትልቅ ዐውደ ርዕይ ኢትዮጵያን በመስቀለኛ መንገድ ላይ አስቀምጦ የጎረቤቶቿንና የንግድ ወዳጆቿን ሥራዎች ከእሷ ጋር አቅርቧል። የዘመኑን ሥራዎች በእንግዳ አዘጋጅነት የመረጠችው ሠዓሊ ፀዳዬ መኮንን ነበረች። የእሷ የብርሃን ዓምዶች በመስታወት መሰል ሳጥኖች የተደራረቡ ናቸው፤ በሳጥኖቹ ገጽ ላይ የኢትዮጵያ መስቀሎች ቅርጽ ተቆርጦ ብርሃኑ ከውስጥ ይወጣል። ዓምዶቹ በግፍ የተገደሉና በስደት የሞቱ ጥቁር ሴቶችን ስም ይይዛሉ። ፎቅ በፎቅ መደራረባቸው የአክሱምን ሐውልት ያስታውሳል፤ እኔን የሳበኝ ግን የስሙ ነገር ነው።

ስም የያዘ ጥንታዊ ድንጋይ እኛም ዘንድ አለ፤ በምሥራቅ ትግራይ ከዐዲ ገላሞ የተገኘችውና በዚያው በብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ሌላዋ የተቀመጠች ሴት ከሥሯ ጽሑፍ አላት። ጽሑፉ ይ-ም-ን-ት ለሚባል ሰው ልጅ እንዲሰጥ የሚለምን ነው። አናባቢ ስለማይጻፍ ስሙ እንዴት ይጠራ እንደነበር አልተረፈልንም። ይህን ካነበብን በኋላ ሐውልቷን «የውበት ምሳሌ» ማለት አያስኬድም። የተሠራችው ለስለት ነው፤ የአንድ ቤት ጭንቀት ድንጋይ ላይ ወጥቶ አምላክ ፊት ተቀምጧል።

ከዚህች ሐውልት አጠገብ ብሰቅለው የምመርጠው የመሪኮከብ ብርሃኑን ሸራ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ የተማረችው መሪኮከብ በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው የቬኒስ ቢዬናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ላይ ከተመረጡት አንዷ ነበረች። ሥዕሎቿ ውስጥ ዘር፣ ሴልና ፅንስ የሚመስሉ ክብ ቅርጾች ከኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ መስመሮች ጋር ይጋጠማሉ። «ሁለቱም ስለ እናትነት ናቸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የምፈራውም ይህንኑ ነው። ልዩነታቸው ይበልጣል። ድንጋዩ ልጅን ገና ያልመጣ ነገር አድርጎ ይለምናል፤ ማኅፀንን አያሳይም፣ የተዘጋ ቀሚስና የተሰበሰቡ እጆች ብቻ። ሸራው ደግሞ ውስጡን ከፍቶ ያሳያል፤ የሚያሳስበውም ልጁ መምጣቱ ሳይሆን የሚመጣበት ዓለም ነው። አንዱ የሌላውን ጎደሎ የሚያሳየው አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ማን ያዘጋጅ ቢባል ዓይኔ ወደ አዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይሄዳል። በመካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋና የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ የመስከረም አሰግድ እንዲሁም የሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የጋራ ሥራ ነው። ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተገንብቶ በጥምዝምዝ መስመሮች ተቀርጿል፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው የመስመሮቹ ጥላ እየረዘመ ግድግዳው ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ይሆናል። በገጠራችን ቤት የሚለቀልቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ፊርማ ግን ኖሯቸው አያውቅም። ዞማ ይህን ዕውቀት ወደ ሙዚየም ደረጃ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የለቅላቂዎቹን ሴቶች ታሪክ ርእስ አድርጎ መያዝ ግን ገና የሚቀር ሥራ ይመስለኛል። ከነጭ ቀለም ግድግዳ ይልቅ እዚህ ቢቀመጥ የኖራ ድንጋዩም ያለ ማብራሪያ ይናገራል።

እርግጥ ድንጋዩ አምስት ኪሎ ካለው ብሔራዊ ሙዚየም መነሳት የለበትም፤ ዕድሜው አይፈቅድም። ስለዚህ ሸራዎቹና የብርሃን ዓምዶቹ ናቸው ወደ እሱ መሄድ ያለባቸው፤ የዞማ ሰዎችም አዘጋጅተው፣ ለመካኒሳ ደግሞ ጥሩ የጭቃ ቅጂ አሠርተው። ጥንታዊው ክፍልና ዘመናዊው ሥዕል በብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ የሚለያዩት በፎቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሥራ የዐዲ ገላሞዋ ሐውልት የመግለጫ ካርድ ነው። «የተቀመጠች ሴት፣ ኖራ ድንጋይ» ከሚለው ሥር ልጅ የተለመነለት ሰው ስም፣ ተነባቢዎቹ ብቻ እንዳሉ፣ በአማርኛም በትግርኛም ይጻፍ።