የሂርና ቡና በአምስት ስኒ

የሐረርጌዋን ሂርና ቡና የሚቀምስ ሰው የሚቀምሰው ቅልቅል ነው። ገበሬው ቡናውን ከጫቱና ከማሽላው ጋር በትንሽ ማሳ ያለማል፤ ጀንፈሉም፣ ማለትም ከነቆዳው የደረቀው ፍሬ፣ በጥቂት በጥቂቱ ገበያ ይወጣል። አንድ ጆንያ ሲሞላ የብዙ ጓሮ ፍሬ ይገናኝበታል። አልጋ ላይ የተሰጣውና አፈር ላይ የተሰጣው አብረው ይፈለፈላሉ። ጥሬው ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ረዘም ያለ፣ ለዓይን የሚያምር ነው፤ ዓይን ግን ቅልቅሉን ሁሉ አይለይም።

የሚለየው ስኒ ነው። እኛ ቀማሾች ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ የምንደረድረውም ለዚሁ ነው። የተቆላው ቡና ለየስኒው 8 ግራም ገደማ ለብቻው ተመዝኖ ለብቻው ይፈጫል። ሊፈላ የተቃረበ ውሃ ይፈስስበታል። 4 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ የረጋውን ሽፋን በማንኪያ ስሰብር አፍንጫዬ ስኒው አፍ ላይ ነው። አራቱ የበሰለ ፍሬ እየሸተቱ አንዱ እርጥብ አፈር ቢሸት፣ ጆንያው ውስጥ አንድ የተበላሸ ስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሁሉን አንድ ላይ ፈጭተን ብንቀዳው ኖሮ ያ ጥፋት በአምስቱ ተበትኖ ያመልጠን ነበር።

የሐረርጌን ያልታጠበ ቡና በዓለም ያስጠራው የወይን ጠጅና የፍራፍሬ ጣዕሙ ነው። ይህ ጣዕም ፍሬው ከነቆዳው ሲደርቅ በሚፈጠር መብላላት ይመጣል፤ መብላላቱ ልክ ሲያልፍ ግን ወደ ኮምጣጤ፣ ሲብስም ወደ ሽንኩርት ይሄዳል። ትኩስ ሳሉ ደህናውና የተበላሸው ይመሳሰላሉ፤ ጀማሪ ቀማሽም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይታለላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ማንኪያ ነጥብ አልሰጥም። ስኒው ለብ ሲል ደህናው እየጣፈጠ ይሄዳል፤ የተበላሸው ይገማል። ፍርዴ ያን ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ 60ው የቅምሻ ሲሆን፣ ለስኒ ንጽሕና፣ ለአሲድነት (አሲዲቲ)፣ አፍ ላይ ለሚሰማው ክብደት (ቦዲ) እና ለጣዕም (ፍሌቨር) 15 15 ይደርሳል። እኔ የሐረርጌ ቡና ሲቀርብልኝ ከሁሉም አስቀድሜ ንጽሕናውን አያለሁ። ንጹሕ ያልሆነ ስኒ ፍሬ ፍሬ ቢልም አላምነውም።

የሂርና ገበሬዎችና ሰብሳቢዎች፣ መቀላቀሉ አይቀርም፤ ነውርም የለውም። ነገር ግን ገለባውን ለራሳችሁ ሆጃ አፍልታችሁ የማትጠጡትን ጀንፈል ከደህናው ጋር አትደባልቁ፤ ለብቻው ሽጡት።