አበራ ወርቁ የፈለገው ሥዕልን ነው ወይስ ሠዓሊነትን?

የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አብዛኞቻችን አበራ ወርቁን የምናነበው እንደ ተበዳይ ነው። ተምሯል፣ የመንግሥት ሥራ አለው፣ ነፍሱ ግን ሥዕል ትፈልጋለች። ወንድሙ አባተ ደግሞ አግባ፣ ውለድ፣ ሰው ሁን እያለ ይጨቀጭቀዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የኅብረተሰቡ ነው እንልና መጽሐፉን ከድነን የራሳችንን ቢሮ እንረግማለን።

እንዲህ ያለው ንባብ ለአበራ በጣም ያደላ ይመስለኛል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ አበራ ስለ ሥዕል ከሚጨነቀው ይልቅ ስለ ራሱ የሚጨነቀው ይበዛል። ቀለሙን እንዴት ላዋህደው ከሚለው በላይ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ሥራውን ሲለቅ ጊዜ ያገኛል፤ ያ ጊዜ ግን ጥያቄውን አሰፋበት እንጂ ሸራውን እንዳሰበው አልሞላለትም።

ወንድማማቾቹ የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው። ለአባተ ሰው መሆን ማለት ሚስትና ልጅ ነው፤ ለአበራ ሠዓሊ መባል። ሁለቱም ራሳቸውን የሚለኩት ሌላ ሰው በሚያየው ነገር ነው። አባተ ግን ቢያንስ አይደብቀውም።

ሶፍትዌር እየሠራሁ ስለምኖር ይህ በሽታ አዲስ አይሆንብኝም። አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የድርጅት ስም ይወጣል፣ ሎጎ ይሠራል፣ «መሥራች» የሚል ማዕረግ ሊንክዲን ላይ ይለጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ የፕሮግራሙን ስህተት ሲያሳድድ የሚያድረው ልጅ ግን ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ እንኳ አያስብም፤ ጊዜ የለውማ!

የመጽሐፉ ድክመት ሉሊት ታደሰ ላይ ይታያል። አበራ ራሱን የሚያይባት መስታወት ትሆናለች፤ ለራሷ ጥያቄ የተሰጠው ቦታ ግን ለወንዶቹ ከተሰጠው ያነሰ ነው። ደራሲው የአበራን ዓይነ ስውርነት አሳየን ወይስ አብሮት ታወረ? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

የሚገርመው፣ በዓሉ ይህን የመጀመሪያ ልቦለዱን ያወጣው በጋዜጠኝነት ተቀጥሮ እየሠራ ነው። አበራን ከቢሮ አስወጣው፤ እሱ ግን እንጀራውን እየጋገረ መጽሐፉን ጨረሰ። ሥራ መልቀቅ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ይህን ልቦለድ እንደገና አንብቡት። ከአባተ ጋር አትጣሉ፤ አበራን ጠይቁት፦ ማንም ባያይልህ፣ ሠዓሊም ባትባል፣ ዛሬ ማታ ትሥላለህ?