የገቡበት ቀን ቅጽ

በአረጋውያን መንከባከቢያ ለሚሠራ ነርስ በየዓመቱ የሚቀርብ ጥያቄ አለ፤ «ስንት ሰው ሞተባችሁ?» ቁጥሩ ብቻውን ሥራችንን አይመሰክርም። ለምሳሌ ቢንያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የተባለው ማዕከል ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያነሣል። በአንጻሩ በእግሩ ቆሞ የሚሄደውን ብቻ መርጦ የሚቀበል ቤት ጥቂት ሰው ቢሞትበት፣ የተሻለ ተንከባክቧል ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ሰዎቹ በምን ሁኔታ እንደገቡ ይታወቅ፤ እንደነሱ ካሉት ስንቱ ይሞታል ተብሎ ይገመት፤ የእኛ ቁጥር ከዚያ ግምት ጋር ይተያይ።

ለምሳሌ የወንጪ ሐይቅ አካባቢ ሰው ሽማግሌውን በቀላሉ ከቤቱ አያወጣም። ከዚያ ወደ እኛ የሚመጣው ጧሪ ያጣና በጣም የደከመ ነው። ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀትም የለውም፤ የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው። «እማማ፣ ጣልያን ሲወጣ ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ጥጃ እጠብቅ ነበር» ካሉኝ፣ ጣልያን የወጣው በ1933 ነውና ዘጠናን አልፈዋል።

ከዕድሜ ይልቅ ግን አቅም ይናገራል። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መጉረስ፤ እነዚህን ስድስቱን ሁሉም ይጠይቃል። ለወንጪ ሰው አንድ እጨምራለሁ፦ ሐይቁ መሐል ደሴት ላይ ያለውን ቂርቆስን ለመሳለም መጨረሻ የወረዱት መቼ ነው? ካቻምና በእግራቸው፣ አምና በፈረስ፣ ዘንድሮ ከነጭራሹ ከቀሩ፣ አቅማቸው በምን ፍጥነት እንደሸሸ አየሁ። ይህን የሚያውቀው ያመጣቸው ጎረቤት ነው፤ የአምቦ መኪና ሳያመልጠው አስቀምጬ እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ ተረከዛቸውንና የጭራ አጥንታቸውን አያለሁ። የአልጋ ቁስል ሲጀምር በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ፣ ሙቀቱን በእጄ ጀርባ፣ መጠጠሩን በጣቴ እዳስሳለሁ። በገቡበት ቀን ቅጹ ላይ የተጻፈው ቁስል ይዘውት የመጡት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የሚወጣው የእኛ ነው።

እዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ከገቡ በኋላ የመጣውን ድካም ሁሉ ግምቱ ውስጥ መክተት የሚፈልግ አለ። ሲገቡ 48 ኪሎ የነበሩ እናት በሦስት ወር 41 ቢደርሱ፣ «ድሮም ደካማ ነበሩ» ብሎ 41ን መነሻ ማድረግ፣ ማን አጎረሳቸው፣ ምን ቀረበላቸው የሚለውን ጥያቄ ማዳፈን ነው። ግምቱ ውስጥ የሚገባው 48 ነው። የጎደለው 7 ኪሎ የእንክብካቤያችን ውጤት ተብሎ በእኛ ይመዝገብ።