ቀዩ መርፌ

«ደም ማነስ» የሚለው ስያሜያችን ያሳስታል። ያነሰ ነገር ይሞላል፤ የጎደለ እንስራ ይሞላ የለ? ደም አነሰህ የተባለ ሰውም ቀይ ቀዩን ያሳድዳል። ቀይ ስር ያስጨምቃል፣ ጥሬ ሥጋ ያስቆርጣል፣ በመጨረሻም ክሊኒክ ገብቶ «ቫይታሚን ውጉኝ» ይላል። ላቦራቶሪው የሚለካው ግን የሄሞግሎቢኑን መጠን ነው፤ ለወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር ሲወርድ ነው ስሙ የሚሰጠው። (እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ልኩ ከዚህም ከፍ ይላል።)

መርፌውም ቀይ መሆኑ ነገሩን አባሰው። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በውስጡ ኮባልት ስላለ በተፈጥሮው ቀይ ነው፤ ከቢ1 እና ከቢ6 ጋር የተቀላቀለበትን አምፑል የሚያቀላውም እሱ ነው። ያንን ያየ ታካሚ ደም የጨመሩለት ቢመስለው አይፈረድበትም። ፈረዱ በሚወጋው ላይ ነው።

መርፌው ክብር የለውም ማለቴ አይደለም። ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች (የመርፊ ስም ከመርፌ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው) በ1926 እ.ኤ.አ. ገዳይ የነበረ አንድ የደም ማነስ ዓይነት ታካሚዎችን ጉበት እያበሉ አዳኑ፤ በ1934 ከዊፕል ጋር ኖቤል ተሸለሙበት። በጉበቱ ውስጥ የነበረው ቢ12 በ1948 ተለይቶ ወጣ። ዛሬም ቢ12 ለጎደለው ሰው መድኃኒቱ ይኸው ነው። በዓለም ላይ የብዙውን ሰው ደም የሚያሳንሰው ግን የብረት እጥረት ነው፤ ብረት ለጎደለው ቀዩ መርፌ ምን ይፈይዳል?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት 57፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። «ጤፋችን ብረት ነው» ስንል ከምንኮራበት ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የገባ ነው። በዚያ ላይ ምሳው ከጉሮሯችን ሳይወርድ ቡናው ይከተላል፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ምን ያስከፍላል?

የብረት ክኒን ርካሽ ነው፤ ግን ወግ የለውም። ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል፣ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ እሱ መሳቢያ ውስጥ ይቀርና ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው ባለብዙ ቫይታሚን ጠርሙስ ቡፌ ላይ ይሰየማል።

የምፈራው ለገንዘቡ አይደለም። አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ መምህር ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ቀዩን ተወጉ። በዕድሜ የገፋ ወንድ ብረት ሲጎድለው ፊተኛው ጥያቄ «ደሙ በየት በኩል እየወጣ ነው?» መሆን ነበረበት፤ ከጨጓራ ቁስል ይሁን ከአንጀት ካንሰር። የጠየቃቸው የለም። በኋላ ሌላ ሐኪም ሰገራቸውን አስመርምሮ፣ ጨጓራቸውን በመሣሪያ አሳይቶ የሚደማ ቁስል አገኘ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ካርድ ላይ፣ «የበሽታው ምክንያት» በሚለው መስመር የተጻፈው «ደም ማነስ» ነው።