በኪሣራ ዋዜማ የሚገባ ዕዳ

አንድ ነጋዴ ሲከሥር በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚሰማው ፍርድ ሁለት ነው። አንዱ «አታላይ ነው» ይላል፤ ሌላው «ንግድ ነውና ምን ይደረግ» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። መጠየቅ የሚገባው ዕዳው መቼና በምን አሳብ እንደ ተወሰደ ነው።

በቀድሞ ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ቁራኛ ሆነው ይውሉ ነበር። በኋላ በ1925 ዓ.ም. የኪሣራ ሕግ ታወጀ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ነገሩን በ5ኛው መጽሐፉ አስፍቶ ደነገገ፤ እርሱም በ2013 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። የ1952ቱ ሕግ ነጋዴው መክፈል ካቆመ በኋላ ለወዳጁ የሰጠውን ስጦታ፣ ቀኑ ሳይደርስም የከፈለውን ዕዳ ዋጋ ያሳጣ ነበር። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አጥብቆ የተመለከተው ከሱቁ የወጣውን እንጂ ወደ ሱቁ የገባውን አልነበረም። መያዣ ወይም የቀዳሚነት መብት የሌላቸው ባለገንዘቦች፣ ትናንት ያበደረም ሆነ ከ3 ዓመት በፊት ያበደረ፣ የተረፈውን እንደ ገንዘባቸው መጠን ይካፈላሉ።

በሕሊና ሚዛን ግን እኩል አይደሉም። የፊተኛው ያበደረው ተስፋ ላለው ሰው ነው፤ የኋለኛው ግን መውደቁን አስቀድሞ ላወቀ ሰው ነው። በሰኞ ገበያ ያለ ቸርቻሪ መክፈል እንደማይችል እያወቀ ከጅምላ ነጋዴ ስኳር በዱቤ ቢወስድ፣ በርካሽም ሸጦ የቆየ ዕዳውን ቢከፍል፣ ዕዳውን ከጠረጠረው ላይ አንሥቶ ባመነው ላይ መጫኑ ነው። በተንኮል መክሠርን የወንጀል ሕግ ይቀጣል፤ ይሁን እንጂ በልብ የነበረውን ለዳኛ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ይህን ስንል አዲስ ዕዳ ሁሉ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ሱቆች ተዘረፉ። በመስከረም ዕቃ በዱቤ ያስገባ ነጋዴ ዕዳው አዲስ ነበር፤ ዳሩ ግን የሚመጣውን አላወቀም። እንዲህ ያለውን ከአታላይ ጋር መደመር ግፍ ነው። ኃጢአቱ በዕዳው አዲስነት ሳይሆን በማወቁ ላይ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ነግዳችሁ ሚዛኑ ወደ ታች ሲያዘነብል ባያችሁ ጊዜ አዲስ አማኝ አትፈልጉ። ባለገንዘቦቻችሁን ጠርታችሁ መዝገባችሁን ግለጡላቸው፤ የመክፈያ ጊዜም ለምኑ። ገንዘቡን ያጣ ሰው ተመልሶ ሊነግድ ይችላል፤ እምነቱን ያጣ ግን ዱቤ የሚሰጠው አያገኝም።